መለኪያውን የሚበላ ፈሳሽ

ለፋብሪካ ጥገናና ኦፕሬሽን ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት ይህችን ነገር ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ እየተቀባበላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በደንብ ታጥባ ጸድታለች፤ በእጅ ብትነኳት ምንም አታደርግም። ጥቁር ጎማ ናት፤ ስፋቷ ከመዳፍ አይበልጥም። በአንደኛው ጠርዝ ውፍረቷ 6 ሚሊሜትር ነው። ጣታችሁን ወደ ሌላኛው ጠርዝ እያንሸራተታችሁ ስትሄዱ እየሳሳች መጥታ መጨረሻ ላይ እንደ ወረቀት ትሆናለች። የኤሌክትሮድ መቀመጫ የነበረችውን ክብ ቀዳዳ ልብ ብላችሁ እዩ። ከንፈሯ በአንድ በኩል ብቻ ተቦርብሯል፤ ፈሳሹ ከየት ወደ የት ይሄድ እንደነበር ከዚያ ማንበብ ይቻላል።

ይህች ቁራጭ የወጣችው ከሠራሁባቸው ፋብሪካዎች በአንዱ፣ የተፈጨ ማዕድን በሰልፈሪክ አሲድ በሚሟሟበት ክፍል ተገጥሞ ከነበረ ፍሎው ሜትር፣ ማለትም የፍሰት መለኪያ፣ ውስጥ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ስክሪን ላይ የዚያ መለኪያ መስመር ለወራት ቀጥ ያለ ነበር። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ይግባ ተብሎ ታዝዟል፤ መለኪያውም 60 ይላል። ሺፍት የሚረካከቡት ልጆች ሁሉ ወረቀታቸው ላይ 60 እያሉ ይጽፋሉ። የፓምፑ ፍጥነት ግን ወር በወር ትንሽ ትንሽ እያለ ይጨምር ነበር። ኢምፔለሩ፣ ማለትም ፈሳሹን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል፣ ተበልቷል ተባለ። ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ኢምፔለር ይበላል። እኔም ተስማምቼ ፈረምኩ። ኢምፔለሩ ተቀየረ፤ ፍጥነቱም ትንሽ ወረደ፤ ወደ ድሮ ቦታው ግን አልተመለሰም። በጋኑ ከፍታ የቀኑን ፍጆታ ቁጭ ብለን ያሰላነው ያን ጊዜ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ አሲድና ማዕድን እያስገባን ለብዙ ሳምንታት ቆይተናል።

የሆነው ይህ ነው። ላይነሩ፣ ማለትም የመለኪያው የውስጥ ሽፋን፣ ሲበላ መለኪያው አሳንሶ ማንበብ ጀመረ። አውቶማቲክ ተቆጣጣሪው ደግሞ ፍሰቱ የቀነሰ መስሎት መለኪያው እንደገና 60 እስኪል ድረስ ፓምፑን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜም 60 ነው። ስህተቱ ከቁጥሩ ሸሽቶ የፓምፑ ፍጥነት ውስጥ ተደብቋል። ቫልቭ በሚቆጣጠርበት መስመር ቢሆን ኖሮ የቫልቩ መክፈቻ ውስጥ ይደበቅ ነበር።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። የቆመ መለኪያ ራሱ ይጮኻል፤ ሰው ይጠራል፤ ይጠገናል። የሚጎዳን እየተበላ የሚታመን ቁጥር የሚሰጠው ነው። አሲድና ጠጣር በአንድነት በሚሄዱበት መስመር ላይ ደግሞ የማይበላ መለኪያ የለም።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ እንመልከት። አሲድ ብቻ ከሆነ መላ አለው፤ የሚቋቋም ብረት ይመረጣል። አሸዋ ብቻ ከሆነም መላ አለው፤ የሚጠነክር ወይም የሚለጠጥ ነገር ይመረጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ጉዳቱ ሁለቱን በመደመር የሚገኝ አይደለም፤ ይበዛል። ምክንያቱም አብዛኛው ዝገት የማይበላው ብረት የሚኖረው በላዩ በሚያበቅለው ስስ ሽፋን ነው። ስቴይንለስ ስቲል የምንለው ብረት ላይ ያለው የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። አንድ የኳርትዝ ቅንጣት መጥታ ስትፈትገው ሽፋኑ ይላጣል። ከሥሩ ያለውን እርቃን ብረት አሲዱ ያገኘዋል፤ ይበላዋል፤ ሽፋኑ እንደገና ይበቅላል፤ ቀጣይዋ ቅንጣት መጥታ ትልጠዋለች። ይህ በቀን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ይደጋገማል።

ሽፋኑ እንዲላጥ ጠጣር እንኳ የግድ አያስፈልግም። ከፍተኛ ጥግግት ያለው 98 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ተራ ካርበን ስቲል ቧንቧ ውስጥ ይሄዳል፤ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። የሚያስችለው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የብረት ሰልፌት ሽፋን ነው። ይሁንና በዚያ ቧንቧ ውስጥ የአሲዱ ፍጥነት በሰከንድ ከ0.9 ሜትር እንዳያልፍ ይመከራል፤ ካለፈ ንጹሑ ፈሳሽ ራሱ ሽፋኑን ያጥበዋል። እንግዲህ እዚያ ላይ ጠጣር ሲጨመርበት አስቡት።

ፍጥነትን ካነሳን አይቀር፣ ፍተጋ ከፍጥነት ጋር እኩል አይሄድም። በግምት ከፍጥነቱ ካሬ እስከ ኪዩብ ባለው ልክ ያድጋል። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጉት ፍተጋው አራት እጥፍ፣ አንዳንዴም ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው ጠባብ መለኪያ መርጦ ገንዘብ አተረፍኩ ሲል ያ ትርፍ በላይነሩ ዕድሜ ይከፈላል። ፍጥነቱን እጅግ ማውረድም አይሆንም፤ ጠጣሩ ይዘቅጥና ቧንቧው ይደፈናል። ብዙ ጊዜ የምንሠራው ጠጣሩ ከማይዘቅጥበት ፍጥነት ትንሽ ከፍ ብለን፣ በሰከንድ ከ3 ሜትር ግን ሳናልፍ ነው።

አሁን ወደ መለኪያዎቹ ልግባ። ጎጂዎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍባቸው። ኦሪፊስ ፕሌት፣ ማለትም መሃሉ የተበሳው ሳህን፣ የሚሠራው በጠርዙ ስለት ነው። ጠጣር ያንን ስለት ያዶለዱመዋል፤ ጠርዙ ሲዶለዱም ለዚያው ፍሰት የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ይቀንሳል፤ መለኪያው አሳንሶ ያነባል። ግፊቱን የሚወስዱት ቀጫጭን ቱቦዎችም በደለል ይደፈናሉ። ተርባይን ሜትር በቤሪንጉ ይቆማል። ቮርቴክስ ሜትር ፈሳሹ መሃል የቆመ እንጨት የሚመስል አካል አለው፤ ቅርጹ ሲበላ ወይም ነገር ሲጋገርበት ንባቡ አብሮ ይለወጣል። ሦስቱም ለንጹሕ ፈሳሽ ጥሩ ናቸው። ለድፍርስ ግን፣ ማለትም ጠጣር ለተቀላቀለበት፣ እኛ ሥራ ቦታ ስለሪ ለምንለው ፈሳሽ፣ አልመክራቸውም።

ድፍርስን የቻለው ሐሳብ አሮጌ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በመግነጢስ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አስተላላፊ ቮልቴጅ እንደሚፈጠርበት ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። ወንዝም የሚንቀሳቀስ አስተላላፊ ነው፤ ምድርም መግነጢስ አላት። ስለዚህ በጥር 1832 ለንደን ውስጥ ዋተርሉ ድልድይ ላይ ወደ 290 ሜትር የሚጠጋ የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ በሁለቱም ጫፍ የብረት ሳህን ቴምዝ ወንዝ ውስጥ አስገባ። የፈለገውን አላገኘም። ሳህኖቹና ውሃው ራሳቸው እንደ ባትሪ እየሆኑ የሚያመጡት ቮልቴጅ ሊለካ የፈለገውን ዋጠው። ይህን ታሪክ የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ፋራዴይን ያሸነፈው ነገር ዛሬም በእያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ላይ አለ፤ በድፍርስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በዚህ ሐሳብ የሚሠራው መለኪያ፣ ማለትም ኤሌክትሮማግኔቲክ ፍሎው ሜትር፣ በኢንዱስትሪ መንገድ ያገኘው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ከውሃ ሥር አሸዋና ጭቃ እየመጠጡ በሚያወጡ መርከቦች ላይ ነው። ማለትም ገና ሲወለድ ጀምሮ የድፍርስ መለኪያ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቧንቧው መሃል ምንም ነገር አይገባም። ከውጭ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራሉ፤ ከውስጥ በግራና በቀኝ ሁለት ኤሌክትሮዶች ከግድግዳው ጋር እኩል ሆነው ይቀመጣሉ። ፈሳሹ ሲያልፍ በመካከላቸው ቮልቴጅ ይፈጠራል። የመስኩ ጥንካሬ፣ የቧንቧው ውስጠኛ ስፋት (ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት) እና የፈሳሹ ፍጥነት ሲባዙ ያ ቮልቴጅ ይገኛል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አለበት፤ አሲድ፣ አልካሊና የጨው ውሃ ግን ከበቂ በላይ ያስተላልፋሉ።

እስቲ በቁጥር እንየው። መስኩ 5 ሚሊቴስላ፣ ስፋቱ 0.1 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ይሁን። ብታባዙት 1 ሚሊቮልት ይወጣል። ያ ሁሉ ፍሰት፣ በየሰዓቱ የሚያልፈው ሃምሳና ስልሳ ቶን ነገር፣ በአንዲት ሚሊቮልት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ኤሌክትሮዱና አሲዱ እንደ ባትሪ ሆነው የሚፈጥሩት ቮልቴጅ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል። ፋራዴይን ያሸነፈው ይህ ነበር። ዛሬ የምናመልጠው መስኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያገላበጥን፣ አብሮ የሚገለበጠውን ሲግናል ብቻ በመውሰድ ነው።

ስፋቱ ቀመሩ ውስጥ መኖሩን አስታውሱ፤ የጎማዋ ቁራጭ ነገር እዚህ ላይ ይገናኛል። 100 ሚሊሜትር የነበረው ስፋት ዙሪያውን እኩል 3 ሚሊሜትር ቢበላ 106 ይሆናል። መለኪያው ግን አሁንም 100 ነው ብሎ ያሰላል። ትክክለኛው ፍሰት ሳይለወጥ ንባቡ 100 በ106 ይካፈላል፤ ወደ 6 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ስክሪኑ 60 ሲል በእውነት የሚያልፈው 63.6 ነው። በቀን 86 ሜትር ኩብ ማንም ያልጻፈው ፈሳሽ ያልፋል ማለት ነው። በተቃራኒው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቅርፊት ግድግዳው ላይ ከተጋገረና ኤሌክትሮዶቹ ንጹሕ ከሆኑ፣ መንገዱ ጠብቦ ፍጥነቱ ስለሚጨምር መለኪያው አብዝቶ ያነባል። ቅርፊቱ ኤሌክትሮዱን ራሱን ከሸፈነው ደግሞ ሲግናሉ ይደክማል፤ ይዋዥቃል።

ስለዚህ መለኪያ ስንመርጥ ካታሎግ ላይ የተጻፈውን 0.2 በመቶ ወይም 0.5 በመቶ የሚለውን ትክክለኛነት ማየት ብቻ አይበቃም። ያ ቁጥር አዲስ መለኪያ በንጹሕ ውሃ ሲፈተን የተገኘ ነው። የእኛ ጥያቄ ከስድስት ወር በኋላ ፈሳሹ የሚነካው ገጽ ምን ይመስላል የሚል መሆን አለበት። ከመለኪያው ሁሉ ፈሳሹን የሚነኩት ላይነሩና ኤሌክትሮዶቹ ናቸው፤ የግራውንድ (የመሬት መስመር) ቀለበትም ካለ እሱ ይጨመራል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና።

ቴፍሎን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ስም ነው፤ አሲድ አይበላውማ። እውነት ነው፤ ኬሚካልን በመቋቋም የሚያክለው ጥቂት ነው። ግን ለስላሳ ነው፤ ስለታም ጠጣር ይቆራርጠዋል። በዚያ ላይ ከብረቱ ጋር ስለማይጣበቅ የመምጠጥ ግፊት ሲፈጠር ወደ ውስጥ ይጨማደዳል። ፓምፕ በድንገት ሲቆምና ከፍ ያለው መስመር ወደ ታች ሲፈስ መለኪያው ውስጥ ቫክዩም ይፈጠራል፤ ላይነሩ እንደ ባዶ ቦርሳ ታጥፎ ያየሁበት ጊዜ አለ። ፒኤፍኤ የሚባለው ዘመዱ ውስጡ የብረት መረብ ስለሚደረግለት ይህን ይችላል።

ፖሊዩሬቴን ፍተጋን በጣም ይችላል፤ በአሸዋና በውሃ ላይ ከእሱ ጋር አትከራከሩ። ትኩስ ነገርና ጠንካራ አሲድ ግን አይወድም። ጎማ መካከለኛው ነው፤ ደቃቅ ጠጣር ሲመታው ስለሚለጠጥ መልሶ ይሰደዋል፤ ብዙ የቀዘቀዙ አሲዶችንም ይችላል። ጠላቱ ዘይት ነው። መዳብ ወይም ሌላ ብረት በኬሮሲን አማካይነት ከአሲድ ውስጥ በሚለይባቸው ፋብሪካዎች፣ የሚመለሰው አሲድ ጥቂት ኬሮሲን ይዞ ይመጣል። ያቺ ጥቂት ኬሮሲን ጎማውን ታሳብጠዋለች፤ ያበጠው ጎማ ይላላል፤ ከብረቱ ይለቃል። የፈሳሹን ስም ብቻ ጠይቆ በውስጡ ምን ምን ርዝራዥ እንዳለ ያልጠየቀ መሐንዲስ ይህን የሚያውቀው ላይነሩ ተቦጭቆ ፓምፑ ውስጥ ሲገኝ ነው።

ሴራሚክ፣ ማለትም ንጹሕ አሉሚና፣ ፍተጋንም አሲድንም አብሮ በመቻል ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። ስፋቱ ለዓመታት አይለወጥም፤ ይህ ደግሞ ቅድም ላሰላነው ስህተት ዋናው መድኃኒት ነው። ሁለት ነገር ይገድለዋል፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ። 80 ዲግሪ ላይ ያለ መስመርን በቀዝቃዛ ውሃ ለማጠብ ቫልቭ የከፈተ ኦፕሬተር ምንም ጥፋት የለበትም፤ ማንም አልነገረውም። ሴራሚኩ ግን ይሰነጠቃል። ሴራሚክ ከገጠማችሁ የማጠቢያ መመሪያችሁን በዚያው ቀን ቀይሩ።

ኤሌክትሮድ ከላይነር ይበልጥ ያነሰች ነገር ናት፤ ጫፏ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች። ፈሳሹ ግን በእሷ በኩል ካለፈ መለኪያው አለቀ። በኤሌክትሮዱ ዙሪያ ሰርጎ የገባ አሲድ በቀጥታ የሚደርሰው ጥቅል ሽቦዎቹ ካሉበት ክፍል ነው። ማገጃው ይበላሻል፤ ንባቡ መዋዠቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ከውጭ ያለው ቅርፊት ራሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳል። ሃስቴሎይ ሲ የሚባለው የኒኬል፣ የክሮሚየምና የሞሊብዲነም ቅይጥ ለብዙ ነገር ይሆናል። ታይታኒየም ለጨው ውሃና ክሎሪን ላለበት እርጥብ ነገር ጥሩ ነው፤ ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አትስጡት። ታንታለም ብዙዎቹን ትኩስና ጠንካራ አሲዶች ይችላል፤ ፍሎራይድንና ጠንካራ አልካሊን ግን አይችልም። ፕላቲነም ሁሉን ይችላል ሲባል እሰማለሁ፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ባለበት ግን ራሱ ፈሳሹን እየሰነጠቀ አረፋ ያመነጫል፤ አረፋው ደግሞ ሲግናሉን ይረብሻል።

የፎስፈሪክ አሲድ ፋብሪካን ብቻ ልጥቀስ፤ ሁሉም ችግር በአንድ ቧንቧ ውስጥ የሚገናኝበት ቦታ ነውና። የፎስፌት ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ የጂፕሰም ክሪስታል የተሞላ ድፍርስ ይወጣል፤ ሙቀቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ፍሎሪን በአሲዱ ውስጥ ይገኛል። ጂፕሰሙ ሲቀዘቅዝ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። እንግዲህ ታንታለም ልበል? ፍሎሪኑ አለ። ቴፍሎን? ክሪስታሉ አለ። ጎማ? ሙቀቱ አለ። እዚያ መልሱ ከመጽሐፍ አይገኝም። የሚገኘው የተለያዩ ማቴሪያሎችን ትንንሽ ናሙና በዚያው መስመር ውስጥ ሰቅሎ፣ ከወራት በኋላ አውጥቶ በመመዘን ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ከእሱ የሚበልጥ ማስረጃ ግን አላየሁም።

የድፍርስ ሲግናል ጫጫታ ይበዛበታል። እያንዳንዷ ቅንጣት ኤሌክትሮዱን ስትመታ ያን ስስ ሽፋን ትነካለች፤ በነካች ቁጥር ቮልቴጁ ይዘላል። ይህ ረብሻ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይበረታል። ስለዚህ መስኩን ይበልጥ በፍጥነት የሚያገላብጥ፣ ለድፍርስ የተሠራ መለኪያ ከፍ ብሎ ያመልጠዋል። ሌላው መንገድ ዳምፒንግ ጨምሮ መስመሩን ማለስለስ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚደረገውም ይኸው ነው። እኔ ይህን በጣም እቃወማለሁ። 30 ሰከንድ ዳምፒንግ የተደረገበት መለኪያ ውብ መስመር ይሰጣችኋል፤ ቧንቧው ሲደፈን ግን የሚነግራችሁ ዘግይቶ ነው። ጫጫታው ራሱም መረጃ ነው፤ በድንገት ከጨመረ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ ጠጣሩ ሻክሯል፣ ወይ ኤሌክትሮዱ መበላት ጀምሯል።

አገጣጠሙ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙልኝ ከሆነ ይህን ያዙ፤ የድፍርስ መለኪያ በቆመ ቧንቧ ላይ፣ ፈሳሹ ከታች ወደ ላይ በሚወጣበት ይገጠም። በተኛ ቧንቧ ላይ ከባዱ ጠጣር ከሥር ይሄዳል፤ ላይነሩም ከሥር ብቻ ይበላል። ያሳየኋችሁ ጎማ በአንድ በኩል ወረቀት የሆነው ለዚህ ነው፤ ያ መለኪያ ተኝቶ ነበር፤ በዚያ ላይ ከቧንቧው ክርን (መታጠፊያ) አጠገብ ነበር። በቆመው ላይ ጠጣሩ ዙሪያውን እኩል ይሰራጫል፤ አየርም አይታሰርም፤ ቧንቧውም ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ቦታ ጠፍቶ የግድ ከተኛ ኤሌክትሮዶቹ በጎንና በጎን ይሁኑ። ከላይ ከሆነ አየር፣ ከሥር ከሆነ ደለል ያገኛቸዋል። ማዕድኑ ማግኔታይት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቅንጣቶቹ መስኩን ራሱን ስለሚያጠናክሩት ተራ መለኪያ አብዝቶ ያነባል። ለዚያ መስኩን እየለካ የሚያርም መለኪያ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ የምንለካው ምንድን ነው? ፋብሪካው የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለውን የጠጣር ቶን ነው፤ መለኪያው የሚሰጠው ግን የድፍርሱን ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ እፍጋቱ፣ ማለትም አንዱ ሜትር ኩብ ስንት ቶን እንደሚመዝን፣ መለካት አለበት። ለወፍራም ድፍርስ የተለመደው ሲዚየም 137 የሚባለውን የጨረር ምንጭ ከቧንቧው ውጭ በአንድ በኩል፣ ተቀባዩን በሌላ በኩል ማድረግ ነው። ፈሳሹን የሚነካ ነገር የለውም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ስለሆነም ቀስ ብሎ ነው የሚደክመው። ፈቃድ፣ የሠለጠነ ተጠያቂ ሰውና ቧንቧው ሲከፈት የምንጩን መዝጊያ መቆለፍ ግን ለድርድር አይቀርቡም።

ቁጥሩን እንሥራው። ፈሳሹ 1.0፣ ጠጣሩ 2.7፣ ድፍርሱ 1.5 እፍጋት ቢኖረው፣ ከይዘቱ 29.4 በመቶው ጠጣር ነው፤ በክብደት ደግሞ 53 በመቶ ይሆናል። በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ካለፈ ጠጣሩ 79 ቶን ነው። አሁን የእፍጋት መለኪያው በ0.02 ብቻ ይሳሳት። ከ1.5 አንጻር 1.3 በመቶ ነው፤ የሚናቅ ይመስላል። የጠጣሩ ቶን ግን በ4 በመቶ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ያ 0.02 የሚካፈለው ለ1.5 ሳይሆን ከፈሳሹ በላይ ላለው ለ0.5 ነው። ድፍርሱ ሲቀጥን ይህ እየባሰ ይሄዳል። አሲዱ ራሱ እፍጋቱ ከተለዋወጠም እንደዚሁ። ፍሎው ሜትሩን ስታጸዱ ውላችሁ የእፍጋት መለኪያውን ከረሳችሁት ሥራችሁ ግማሽ ነው።

ኮሪዮሊስ መለኪያ ክብደትንም እፍጋትንም አንድ ላይ ይሰጣል፤ ለምን እሱን አንገጥምም የሚል ሁልጊዜ አለ። ለደቃቅ ጠጣርና ለዝግተኛ ፍሰት፣ ቀጥ ያለ ቱቦ ያለውን መርጣችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ግን የሚለካው በስስ ቱቦ ንዝረት ነው። ቱቦው ሲፈተግ ግትርነቱ ይለወጣል፤ ግትርነቱ ሲለወጥ ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም ንባቡ የተስተካከለበት ልክ፣ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ቱቦው ሲበሳ አሲዱ ውጭ ነው። እኔ ለሻካራ ድፍርስ አላስገባውም።

ወደ ማረጋገጫው ልምጣ። መለኪያው እውነት መናገሩን የምናውቀው ከእሱ ጋር ዝምድና በሌለው ነገር ስንፈትነው ነው። ከሁሉ ቀላሉ ጋን ነው። ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጋን በየአንድ ሜትር ከፍታው 7.07 ሜትር ኩብ ይይዛል። መግቢያውን ዝጉ፤ ማማሰያው እየሠራ፣ በመለኪያው በኩል ብቻ እየወጣ አንድ ሜትር እስኪወርድ ሰዓት ያዙ። በሰዓት 60 ከሆነ 7 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይፈጃል። ከፍታውን በአንድ ሳንቲሜትር ብትሳሳቱ ስህተቱ አንድ በመቶ ነው፤ ቅድም ያሰላነው ስህተት ግን 6 በመቶ ነበር። ወር በወር አንድ ጊዜ አድርጉት፤ ከጎኑ የዚያን ዕለት የፓምፑን ፍጥነት ጻፉበት። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሲታዩ መለኪያው የሚደብቀውን ይናገራሉ።

መለኪያውን ስትፈቱ ለሰዉ አስቡ። ቧንቧው ታጥቧል ቢባልም በላይነሩና በብረቱ መካከል የታሰረ አሲድ ሊኖር ይችላል፤ ግፊት ይዞም ሊሆን ይችላል። ፍላንጁ፣ ማለትም በብሎን የሚታሰረው የቧንቧ መጋጠሚያ፣ ሲላላ ያ አሲድ የሚወጣው ብሎን በሚፈታው ሰው ፊት ላይ ነው። የፊት መከላከያ፣ የአሲድ ልብስ፣ አጠገቡ የሚሠራ የዓይን ማጠቢያ፤ የታችኛውና የሩቁ ብሎን በቅድሚያ ይላላ፤ ሰውየው በጎን ይቁም። ይህን የምለው አንድ ጓደኛዬ እጁ ላይ ዛሬም ጠባሳ ስላለ ነው። ያ ቧንቧ በወረቀት ላይ ታጥቦ ነበር።

ጥያቄ ካለ ልስማ።

አንዲት እህት ከውጭ የሚታሰረው የአልትራሳውንድ መለኪያ፣ ፈሳሹን ስለማይነካ፣ ይህን ሁሉ አይገላግለንም ወይ አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዶፕለር የሚባለው ዓይነት ቅንጣቶች ስለሚያስፈልጉት ለድፍርስ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ የሚያየው በአብዛኛው ግድግዳው አጠገብ ያሉትን ቅንጣቶች መሆኑ ነው፤ እዚያ ያለው ፍጥነት ከመሃሉ ያንሳል። ሁለተኛ፣ የአሲድ ቧንቧችሁ ውስጡ ጎማ ከሆነ ጎማው ድምፁን ይውጠዋል፤ ጎማው ከብረቱ ትንሽ ከለቀቀ ደግሞ በመካከል ያለው አየር ጨርሶ ያቆመዋል። የፍሰቱ አዙሪቶች ግድግዳውን ሲገፉ በተደረደሩ ዳሳሾች የሚያዳምጥ መለኪያም አለ፤ እሱ በትልልቅ የድፍርስ መስመሮች ላይ ጥሩ ሠርቷል። በጋን ለማረጋገጥ ለማይመች መስመር እንደ ሁለተኛ ምስክር ብትጠቀሙበት እደግፋለሁ።

ከኋላ ያለው ወንድሜ መለኪያውን መቼ መቼ እንክፈት ብሏል። አዲሱን በተገጠመ በሦስተኛው ወር ክፈቱት፤ የላይነሩን ውፍረት ከላይ፣ ከሥር፣ ከግራና ከቀኝ ለኩና ጻፉት። 6 የነበረው 5.5 ከሆነ በሦስት ወር ግማሽ ሚሊሜትር ይሄዳል። 2 ሚሊሜትር ሲቀረው ይቀየር ካላችሁ 24 ወር ይሰጣችኋል። ነገር ግን ገጹ ሲሻክር መበላቱ ይፈጥናል፤ ስለዚህ እኔ ብሆን በየስድስት ወሩ እለካለሁ፤ 18ኛው ወር ላይ ደግሞ ተለዋጩን መጋዘን ውስጥ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። የጎማዋ ቁራጭ መጨረሻ ረድፍ ደርሳለች? አይታችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ ነገ ጠዋት የማታ ሺፍት ለሚወጡት ልጆች አሳያታለሁ።